የጎመን መድኃኒት ገዝቼ ያየሁት

ሥራዬ ፋርማሲ ውስጥ ነው። «በቀን ስንት ጊዜ ነው የምወስደው?»፣ «ከምግብ በፊት ነው ከምግብ በኋላ?» ለሚለኝ ሰው ስመልስ እውላለሁ። ማታ ስገባ ደግሞ ጓሮዬ ይጠብቀኛል። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከቤታችን ጀርባ 6 ሜትር በ8 ሜትር የሆነች መሬት አለችን። ግማሿ ጥቅል ጎመን ነው። ቀሪው ያበሻ ጎመን፣ ዳር ዳሩ ቆስጣና ነጭ ሽንኩርት። እናቴ ታርማለች፣ እኔ ውኃ አጠጣለሁ።

ባለፈው በጋ ተባይ ጎመናችንን ሊጨርሰው ደረሰ። በአራት ወር ውስጥ ማላታይን ገዛሁ፣ ሌላ ዓይነት ፀረ-ተባይ ገዛሁ፣ ሳሙና በጠበጥኩ፣ በመጨረሻ ከአዲስ አበባ አንድ ዱቄት አስመጣሁ። የትኛው ሠራ፣ የትኛው አልሠራም፣ የትኛውስ ጉዳት አመጣ የሚለውን ነው የምጽፈው። ጓሮ ያለው ሰው ሱቅ ከመሄዱ በፊት ቢያነበው ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። እኛ ፀረ-ተባይን «መድኃኒት» እንለዋለን። «ጎመኑን መድኃኒት ረጨሁት» ይላል ሰው። ቃሉ ያሳስበኛል። መድኃኒት ሲባል ቢበዛ አይጎዳም፣ ቢተርፍ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል የሚል ስሜት ይመጣል። ይሄ ግን መርዝ ነው። በልክ፣ በሰዓቱና በቦታው ሲሆን የሚጠቅም መርዝ። እኔም ከልማድ የተነሳ «መድኃኒት» እያልኩ ብጽፍ ይህን አስቡልኝ።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው የጀመረው። የአንዱ ጥቅል ጎመን ቅጠል ጠርዙ ተጨማዶ ወደ ውስጥ ታጥፎ አየሁ። ገለጥ ሳደርገው ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ጠጋ ብዬ ሳይ ዱቄቱ ይንቀሳቀሳል። ክሽክሽ ነው። ከጤፍ ፍሬ ትንሽ ከፍ የሚሉ፣ ግራጫ ያዘለ አረንጓዴ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው የቅጠሉን ጅማት ተከትለው ተሰልፈዋል። በጣቴ ስዳምጣቸው አረንጓዴ ውኃ ወጣና ጣቴ ተጣበቀ። ዱቄት የመሰለኝ ሰም ነው። ውኃ ብቻ ስረጭባቸው ጠብታው ሳይነካቸው ተንከባሎ ወረደ።

የክሽክሽ ክፋቷ አረባቧ ነው። በጋውን ሙሉ ወንድ አያስፈልጋትም። እንቁላልም አትጥልም፣ ቀጥታ ልጅ ትወልዳለች። ያቺም ልጅ ከሳምንት፣ ከአሥር ቀን በኋላ ራሷ ወላጅ ናት። ክረምት ላይ ዝናቡ እየመታ ያረግፋቸዋል። በጋ ላይ ግን የሚያረግፋቸው የለም።

ከክሽክሹ ጋር ትልም ነበር። ቀጭን፣ አረንጓዴ፣ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙም የማይበልጥ። በስንጥር ነካ ስታደርጉት እየተፈራገጠ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ከቅጠሉ ወድቆም በቀጭን ክር ይንጠለጠላል። ቅጠሉን ከሥር በኩል ይግጥና ከላይ ያለውን ስስ ሽፋን ይተወዋል፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ትንሽ መስኮት ይመስላል። ባለሙያዎች ዳይመንድባክ የሚሉት የእሳት ራት ልጅ ነው። በዓለም ላይ ፀረ-ተባይን በመልመድ ስማቸው ከሚነሳ ነፍሳት አንዱ ይሄ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩበትን ሱቅ ስሙን አልጠራም። «ጎመኔን ተባይ በላብኝ» አልኩት። ምን ዓይነት ተባይ እንደሆነ አልጠየቀኝም። ከኋላው ካለ ጀሪካን በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ቀድቶ ሰጠኝ። ስሙን ስጠይቀው «የጎመን መድኃኒት ነው፤ አንድ ክዳን ለአንድ ባልዲ ውኃ» አለኝ። ስም የለውም፣ መጠን የለውም፣ የሚያበቃበት ቀን የለውም። እኔ ፋርማሲ ውስጥ እንዲህ አድርጌ ለሰው ብሰጥ ፈቃዴ ይነጠቃል። ግን ቸኩዬ ነበርና ከፍዬ ወጣሁ።

ቤት እንደደረስኩ በረንዳው ላይ አስቀምጬው ጫማዬን ልቀይር ገባሁ። ስመለስ የጎረቤታችን የአራት ዓመት ልጅ ሃይላንዱን በሁለት እጁ አቅፎ ቆሟል። «ሚሪንዳ ነው?» አለኝ። ክዳኑ ጠብቆ ስለነበር ምንም አልሆነም። ጉልበቴ ግን ለረጅም ሰዓት ይንቀጠቀጥ ነበር። በማግስቱ ሃይላንዱን ወስጄ ለሰውየው መለስኩለት። ልጁ ያለኝንም ነገርኩት። ገንዘቤን ሰጠኝ፣ ሌላ ቃል አልተለዋወጥንም።

በአገራችን ያልተመዘገበ ፀረ-ተባይ መሸጥ ክልክል ነው። የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 የወጣው ለዚሁ ነው። ሃይላንድ ውስጥ የተቀዳ ነገር ግን ይመዝገብ አይመዝገብ በምን ታውቃላችሁ? ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ እዩ፤ እየቀዳ የሚሸጥ ከሆነ ተመለሱ።

ሁለተኛው ሱቅ የግብርና ግብዓት መሸጫ ነው። የምትሸጠው ልጅ ገና ሳልጨርስ «ቅጠሉን ይዘሽ መጥተሻል እህቴ?» አለችኝ። አልያዝኩም ነበር። በስልኬ ያነሳሁትን ፎቶ አሳየኋት። አሰፋችና «ይሄኛው ክሽክሽ ነው፣ ይሄኛው ትል ነው፤ የሁለቱ መፍትሔ አንድ አይደለም» አለችኝ። ከዚያ የታሸገ የ100 ሚሊ ሊትር ማላታይን 50 በመቶ ሰጠችኝ፤ ለክሽክሹ ብቻ ብላ። ጓንት አለሽ ወይ ብላም ጠየቀችኝ። ይህን ሱቅ በሙሉ ልቤ አመሰግናለሁ። ዕቃው ከሌላው ጥቂት ይወደዳል፤ የሚያዋጣ ውድነት ነው።

ጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ ጥቃቅን ነው። በስልኬ አንስቼ አጉልቼ ነው ያነበብኩት፤ እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ከታች በኩል ባለ ቀለም መስመር አለ። ቀይ ከሆነ በጣም አደገኛ ነው፤ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ እያለ ይቀንሳል። ቀይ መስመር ያለበት ነገር ለጓሮ ጎመን አይገባም ባይ ነኝ።

መጠኑ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ጽሑፉ የሚናገረው በሄክታር ነው፤ እኛ ያለን ደግሞ ጓሮ። ስሌቱ ከባድ አይደለም። ለምሳሌ ለሄክታር 2 ሊትር ቢል፣ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው፤ የእኔ ጓሮ 48 ካሬ ነው። ሲካፈል 9.6 ሚሊ ሊትር ይመጣል። ለጓሮው በሙሉ! ከአንድ የ10 ሚሊ ሲሪንጅ ያነሰ ማለት ነው። «አንድ ክዳን» የሚባለው ልክ ምን ያህል እንደሆነ ለማየት ደግሞ ቤት ውስጥ ከነበሩ ሦስት ባዶ ጠርሙሶች ክዳን አንስቼ በውኃ ለካሁ። አንዱ 5 ሚሊ ሊትር ያዘ፣ አንዱ 12፣ አንዱ 20። አራት እጥፍ ልዩነት ነው። ለሕፃን ሽሮፕ በዚህ ዓይነት መለኪያ የሚሰጥ ሰው ባይ ዝም አልልም። ሲሪንጅ ርካሽ ነው። አንድ ግዙ፣ «መርዝ» ብላችሁ ጻፉበት፣ ለሌላ ነገር አትንኩት።

አመሻሽ ላይ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል፣ ነፋሱ ጋብ ሲል ረጨሁት። ረጅም እጅጌ፣ የጎማ ጓንት፣ ቦት ጫማ፣ መነጽር። ሽታው ከሩቅ ይታወቃል፤ የተበላሸ ነጭ ሽንኩርት ይመስላል። የሆስፒታል ጭምብል አድርጌ ነበር፤ ጠብታን ያግድ ይሆናል እንጂ ሽታውን አላገደልኝም። ስለዚህ ነፋሱን ከኋላዬ አድርጌ እየተራመድኩ ነው የረጨሁት። ትልቁ ሥራ ያለው የቅጠሉ ጀርባ ላይ ነው። ከላይ ብቻ የሚረጭ ሰው ገንዘቡን ቅጠል እያጠበበት ነው።

ውጤቱ ጥሩ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ክሽክሹ ጠቁሮ በነካሁት ቁጥር ይረግፋል። በሦስተኛው ቀን ውጪ ያለው ቅጠል ነጻ ሆነ። የተጠቀለለው ውስጥ የገቡት ግን ተረፉ፤ እዚያ አይደርስም። ትሉም ያን ያህል አልተነካም፣ ልጅቷ እንዳለችው። ጽሑፉ ከርጭት በኋላ ምርቱን ለመቁረጥ 7 ቀን ጠብቁ ይል ነበር። እኔ 14 ቀን ጠበቅኩ። ቤታችን እናቴ አለች፣ ልጆች አሉ፣ ብርዱ ደግሞ እዚህ ሁሉን ነገር ያዘገያል። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት።

እዚህ ላይ አንድ የሚጠቅም ነገር ላካፍላችሁ። እናቴ ለዘመናት ጎመን ላይ አመድ ስትነሰንስ ነው የኖረችው። «አመዱን ከመድኃኒቱ ጋር ብትበጠብጪው አይሻልም?» አለችኝ። ሌላ ጎረቤት ደግሞ ቅጠሉ ላይ እንዲጣበቅለት ማላታይን ውስጥ ኦሞ ይጨምራል። ሁለቱም አይሆንም። አመድም ኦሞም ውኃውን አልካሊ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ፣ ያደርጉታል፤ አልካሊ ውኃ ውስጥ ማላታይን ቶሎ ይፈራርሳል። ሰው «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ መጠኑን ይጨምራል። የእናቴ አመድ ብቻውን ግን ችግኝ ላይ ጥሩ ነው። ደረቅ ቅጠል ላይ ጠዋት ሲነሰነስ ክሽክሹ ሲቀንስ አይቻለሁ። ውኃ ስታጠጡ ይታጠብና እንደገና ነው።

ሁለተኛው የገዛሁት ለትሉ ነበር። ውስጡ ላምብዳ ሳይሃሎትሪን ይባላል፤ ፓይሬትሮይድ ከሚባለው ወገን ነው። ስለዚህኛው መጻፍ ይከብደኛል።

መጀመሪያ ላይ ደስ አለኝ። ትሎቹ በደቂቃዎች ውስጥ እየተንፈራፈሩ ወደቁ። በዚያ ሳምንት ግን ሥራ በዝቶብኝ ስለነበር የረጨሁት በእረፍት ቀኔ፣ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ነው። ያበሻ ጎመኑ ከወዲያ በኩል አብቦ ነበር፤ ለዘር ብለን የተውነው ነው። ቢጫ በቢጫ ሆኖ ነበር። ነፋሱ እንደወሰደው ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን ጋሼ በአጥር በኩል ጠሩኝ። ሽማግሌ ናቸው፣ ከቤታቸው ጀርባ ቀፎ አላቸው። እጃቸውን ዘረጉልኝ። መዳፋቸው ላይ አሥራ አምስት የሚሆኑ ንቦች ነበሩ። አንዷ ብቻ እግሯን ታንቀሳቅሳለች። እግሯ ላይ የጎመኑ ቢጫ ዱቄት እንዳለ አለ። አልጮኹብኝም። «ልጄ፣ ንቦቼ ምን በደሉሽ?» አሉኝ።

የምመልሰው አልነበረኝም። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ጠርሙሱን አምጥቼ ሳነብ ለንብ መርዛማ መሆኑ ተጽፏል። ተጽፎ ነበር! መጠኑን ለማግኘት ነው ያነበብኩት፣ ሌላውን ዘልዬዋለሁ። በሥራዬ ሰው እንዳይዘለው የምለምነውን ክፍል እኔው ዘለልኩት። ከዚያ ወዲህ አበባ ያለበት ሰዓት አልረጭም፣ አበባ ካለ አስቀድሜ እቆርጣለሁ፣ ከመርጨቴ በፊት ለጋሼ ከዋዜማው እነግራቸዋለሁ። እሳቸውም የቀፎውን አፍ ይጠብቁልኛል።

ነገሩ በንብ ብቻ አላበቃም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ክሽክሹ ከበፊቱ ብሶ ተመለሰ። ምክንያቱ ቆይቶ ነው የገባኝ። ከርጭቱ በፊት ጎመኑ ላይ ቀይ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት ትንሽ ጥንዚዛ ትታይ ነበር። እሷም ልጇም ክሽክሽ በሊታ ናቸው። ሌላም ነበር። አንዳንዱ ክሽክሽ አብጦ፣ ቡናማ ሆኖ፣ እንደ ደረቀ ቅንጣት ቅጠሉ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። በአጉሊ መነጽር ሳይ ጀርባው ላይ ክብ ቀዳዳ አለው። ከትንኝ የምታንስ ተርብ ውስጡ እንቁላል ጥላ፣ ልጇ ከውስጥ በልታው የወጣችበት በር ነው። እነዚህን ሁሉ በአንድ ረፋድ ጨረስኳቸው። ክሽክሹ ከልካይ አጣ።

ትሉም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ሦስተኛው ርጭት ላይ መውደቁን ተወ ማለት ይቻላል። ይህንን የእህቴ ባል አስረዳኝ። ሸዋ ሮቢት በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ያመርታል። ጣርማበርን አልፋችሁ፣ ደብረ ሲናን ስትወርዱ አየሩ ሌላ አገር ነው። እዚያ ሙቀቱ ተባዩን ያጣድፈዋል፤ የእኔ ጓሮ ልምድ እንዳለ ለእሱ አይሠራም። «እናንተ ስም እየቀያየራችሁ አንድ ነገር ነው የምትረጩት» አለኝ። እውነቱን ነው። ሱቅ ውስጥ ሦስት ጠርሙስ አነሳሁ፤ ሦስቱም ስማቸው ይለያያል፣ የውስጣቸው ስም ግን አንድ ወይም የአንድ ወገን ነው። ፓናዶል አልሻለኝም ብሎ ፓራሲታሞል እንደሚገዛ ሰው ማለት ነው። ስለዚህ ትልቁን ስም ትታችሁ ከሥር በትንሹ የተጻፈውን አንብቡ። መቀየር ያለበት እሱ ነው። ለጓሮ ይህኛውን ዳግም አልገዛም።

ከዚያ በኋላ ወደ ሳሙና ሄድኩ። ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ 15 ሚሊ ሊትር ለአንድ ሊትር ውኃ። አመሻሽ ላይ፣ የቅጠሉ ጀርባ እስኪንጠባጠብ። ሳሙናው ያንን ሰም ያልፈዋል፤ ክሽክሹ ተጣብቆ ይሞታል። የነካውን ብቻ ነው የሚገድለው፣ ሲደርቅ ኃይል የለውም። ስለዚህ በየአራት ቀኑ ሦስት ጊዜ ደገምኩት። በጣም የተያዙትን የውጪ ቅጠሎች ቆርጬ በላስቲክ ቋጥሬ አወጣሁ። መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክሩ፤ አንዳንዱ ሳሙና ቅጠል ያቃጥላል። 48 ካሬ ለአንድ ሰው የአርባ ደቂቃ ሥራ ነው። ለክሽክሽ በእኔ ሚዛን ከሁሉ የበለጠው ይሄ ነው። ጥንዚዛዋም በወሩ ተመለሰች።

ለትሉ ግን ሳሙና አይበቃም። አዲስ አበባ ያለች ጓደኛዬ ቢቲ የሚባለውን ዱቄት አገኘችልኝ። ሙሉ ስሙ ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ ነው፤ ባክቴሪያ ነው። ትሉ ቅጠሉን ሲበላ አብሮ ይበላዋል፣ አንጀቱ ይበሳል፣ መብላት ያቆማል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ጠቁሮ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። ንብ አይነካም፣ ጥንዚዛዋንም አልነካብኝም። ክሽክሽ ላይ ደግሞ ምንም አይሠራም፤ ክሽክሽ ጭማቂ ትመጥጣለች እንጂ ቅጠል አትበላም። ፀሐይ ያበላሸዋል፣ ስለዚህ ማታ ማታ ነው የሚረጨው። ትሉ ትንሽ ሳለ መድረስ አለበት። ችግሩ ሁለት ነው። ከማላታይኑ ሦስት እጥፍ ከፈልኩበት፤ እዚህ ከተማም ፈልጌ አጣሁት።

ስለ ጤና አንድ አንቀጽ ታገሱኝ፤ ይሄ የእኔ ሙያ ነው። ማላታይን ኦርጋኖፎስፌት ከሚባለው ወገን ነው። ሰው ሰውነት ውስጥ ሲገባ ምራቅና ላብ ይበዛል፣ የዓይን ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ይጠብባል፣ ያስመልሳል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ልብስ ላይ ከፈሰሰ ልብሱን ወዲያው አውልቃችሁ ገላውን በሳሙና እጠቡ። ተጠጥቶ ከሆነ ለማስታወክ አትሞክሩ፣ ወተትም አትስጡ፣ ሆስፒታል ሩጡ። ጠርሙሱን ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ አትሮፒን መስጠት እንዳለበት የሚያውቀው የውስጡን ስም ሲያነብ ነው። ሃይላንድ ይዞ የሚመጣ ቤተሰብ ምን እንደሆነ መናገር አይችልም። ባዶውን ጠርሙስ ሦስት ጊዜ አለቅልቃችሁ፣ ያለቀለቃችሁበትን ውኃ መርጫው ውስጥ ጨምሩ፣ ጠርሙሱን ብሱት። ዘይትና ጠላ መያዣ እንዳይሆን። መርጫውን በሬሳ ወደሚባለው የከተማችን ወንዝ ወስዶ ማጠብም ይቅር። ፓይሬትሮይድ ለዓሣም ከባድ መርዝ ነው፣ ከታች በኩል ደግሞ ከብት ይጠጣል።

ባለፈው ቅዳሜ ወደ ሁለተኛው ሱቅ ተመልሼ ነበር። ቢቲውን በትንሽ በትንሹ ታሽጎ ብታስመጣ የሚገዛ ሰው እንዳለ ነገርኳት። «ስንት ሰው ነው እህቴ? ለሁለት ሰው ብዬ አላመጣም» አለችኝ። ከሰፈራችን ጓሮ ያላቸውን ሰባት ቤቶች ስም ጻፍኩላት፤ የጋሼን ስም መጀመሪያ ላይ። እሳቸው ጎመን የላቸውም፤ ግን የአንድ ፓኬት ዋጋ እኔ እከፍላለሁ ብለው ገንዘቡን በእጄ ሰጥተውኛል።